አባዬን የምታወጣ መኪና

አባቷ በሞተ ማግስት ፋርማሲስቷ መኪና ልትመርጥ ወጣች። ለሰሚው እብደት ይመስላል፤ ግን ምን ታድርግ? ሰውዬው ቤቱ አልጋው ላይ ሞቶ ቢሆን እሷም እንደ ማንኛዋም ልጅ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። የሞተው ግን ገደልና ወንዝ ባጠረው፣ ሾፌር ሁሉ ስሙን ሲሰማ ራሱን በሚያክበት በረሃ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነው። ቀያሽ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሌላው የሚሄድበትን መንገድ ቀድሞ በእግሩ እየሄደ፣ ካስማ እየተከለ፣ ድንጋይ ላይ ቀለም እየቀባ ኖረ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመች፤ ቀና ሳይል ቀረ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የደወለላት የካምፑ አለቃ ነው። መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለአንዲት ሴትዮ የደም ግፊት ኪኒን እየቆጠረች ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችው። "እሺ" አለች። "እሺ። አመሰግናለሁ።" ከዚያ ኪኒኑን ቆጥራ ጨረሰች፣ አሸገች፣ "ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ" ብላ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ምኑን እንዳመሰገነች እግዜር ይወቀው።

እንባ እምቢ አላት። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ከንፈር እንዴት ነው? ቢነክሱት አያምም፣ አለ ሲሉት የለም። እሷ መላ ሰውነቷ እንደዚያ ሆነ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ እጁን ትጨብጣለች፣ ወንበር ታቀርባለች፣ ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ ውሃ ታመጣለታለች። "ይቺ ልጅ ድንጋይ ሆነች እኮ" ተባባሉ ሴቶቹ በሹክሹክታ፤ ከኋላቸው መቆሟን ሲያዩ ደንግጠው ዝም አሉ። ሰምታለች። ምንም አልመሰላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ካምፑ የሚያስገባው ዋናው መንገድ ላይ ያለውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። ኩባንያው "ውሃው እስኪጎድል ታገሡን" አለ። ሄሊኮፕተር የሚባል ነገርም በስልክ ተነሥቶ በስልክ ቀረ። የካምፑ ወጥ ሠሪ፣ እግዜር ይባርከውና፣ የምግብ ማቀዝቀዣውን ኮንቴይነር ባዶ አድርጎ ቀያሹን እዚያ አስተኛው፤ ሥጋውም አትክልቱም ወጥቶ ተጥሎ ሠራተኛው በሙሉ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠመ ነው። አንድም ሰው አላጉረመረመም አሉ። በትከሻ ተሸክመን እናውጣውም ብለው ነበር፤ አለቃው "በዚህ ዝናብ፣ ድንጋይ በሚንከባለልበት ገደል፣ አንዱን ላወጣ ብዬ ሌላ አራት አልቀብርም" ብሎ ከለከላቸው። ጭንቁ ያለው ጄኔሬተሩ ላይ ነው። ናፍጣው የሚያደርሰው እስከ እሑድ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ሐሙስ ነበር። ከእሑድ በኋላ ስለሚሆነው አለቃውም አልተናገረ፣ እሷም አልጠየቀች። ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

የቀረው መግቢያ አንድ ነው፤ ከኋላ በኩል ገደሉን ታክኮ የሚያልፍ ቀጭን ዱካ። እሱን የሚደፍር መኪና መገኘት አለበት።

እናቷ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። የልጇን የእጅ አንጓ ጨምድዳ ይዛ፣ "ቤቱ ይምጣልኝ" አለች። "ተኝቶ፣ እንደ ሰው፣ በገዛ በሩ ይግባልኝ። አፈር ስሆን ቃል ግቢልኝ።"

"ቃሌ ነው እማዬ" አለች ልጅ፣ "ከምግብ በኋላ" በምትልበት ድምጿ። ቃል የተባለው ነገር እንዲህ ተገባ።

አብሯት የሄደው አጎቷ ነው፤ የሟች ታናሽ ወንድም። መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መሪ ጨብጦ አያውቅም፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ ጋቢና መቀመጥ ይፈራል። ስለ መኪና ግን የማያውቀው ነገር የለም! መንገድ ላይ ቆሞ የሚያየውን መኪና ሁሉ ያማል፣ ያወድሳል፣ ዋጋ ያወጣለታል። ያን ቀን ግን ምስኪን፣ ዓይኑ ከልቅሶ ብዛት አብጦ ነበር የወጣው። እንዲያም ሆኖ አፉን አልዘጋም።

የመኪና አከራዩን ሰፈሩ ሁሉ "ዝምታ" ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት፤ ሰውዬው ምላሱ አያርፍም። ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል፣ የሚያዳምጠው ሲያጣ ለካምቢዮው ያወራል። ቢሆንም ወደዚያ በረሃ ሰው ይዞ የሚገባና ይዞ የሚወጣ ማነው ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደሱ ነው። ግቢው በላሜራ የታጠረ፣ መሬቱ ዘይት የጠገበ፣ ጥጉ ላይ ያለቀ ጎማ የተከመረበት ነው። ሦስት መኪና ቆሟል።

"ስንት ሰው ነው የምጭነው?" አለ ዝምታ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"አንድ" አለች ፋርማሲስቷ።

"አንድ ብቻ! ታዲያ አንድ ሰው ምን ችግር አለው፣ አጠገቤ አስቀምጬ እያጫወትኩ አመጣዋለሁ። ብቻ ሽንት የሚያመላልሰው እንዳይሆን! ባለፈው አንዱ በየኩርባው አቁም፣ አቁም እያለ..."

"ሞቷል። አባቴ ነው። ከካምፑ ልናመጣው ነው።"

ዝምታ ጨርቁን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። "ይቅር በይኝ እህቴ" አለ። "ነፍሱን ይማረው። ይህ ምላሴ አንድ ቀን እኔንም ይገድለኛል።"

"ምንም አይደለም" አለች። "የትኛው ነው ሰው የሚያስተኛው?"

መጀመሪያ ፒክአፑ ጋ ሄዱ። የኋላው ሳንቃ ወርዶ ሳለ ፋርማሲስቷ ጫማዋን አወለቀች፣ ወጣችና ላሜራው ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች። አጎትየው ባለበት ደርቆ ቀረ።

"ምን መሆንሽ ነው አንቺ ልጅ!"

"ቁመቴ ከአባዬ እኩል ነው ጋሼ።"

"ሜትር አለ እኮ!" አለ ዝምታ ደንግጦ፤ ከኪሱም መዞ አሳያት። "ሙሉ ሜትር አለኝ!"

ሜትሩ ርዝመትን እንጂ ትከሻ የት ላይ እንደሚወጋ፣ ጭንቅላት ምን ላይ እንደሚያርፍ አይናገርም። ይህን ለማስረዳት አፏን ማድከም አላሰኛትም። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ፒክአፑ ይበቃዋል፤ ግን ዝምታ ራሱ ሳይጠየቅ አጣጣለው። ጭነት ከሌለው ኋላው ይቀላል፣ ጭቃ ላይ ቂጡን እያወዛወዘ ይጨፍራል፣ "እንኳን ገደል፣ በዝናብ ገበያም አልወስደው" አለ።

ሁለተኛዋ ረጅሟ ናት። ነጭ፣ ገና ቀለሟ ያልደበዘዘ፣ ጎማዋ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ አፍንጫዋ ላይ ወፍራም ብረት የታጠቀች። አጎትየው ሲያያት ፊቱ በራ። ኮፈኗን በመዳፉ ደባበሰ፣ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ፣ ምን እንዳየ እሱ ይወቅ። "ይቺ ናት!" አለ። "እኔ ልሙት ይቺ ናት! ወንድሜ በዚህች ነው ሊመጣ የሚገባው። ሰው ሲያይ ምን ይላል? ትልቅ ሰው ነው ይላል።"

ፋርማሲስቷ የኋላ ወንበሮቹ ከታጠፉ በኋላ ገብታ ተኛች። እግሯ ተዘረጋ፤ ከጭንቅላቷ በላይ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። ጣሪያው ላይ የሆነ ሕፃን የለጠፈው የፊኛ ምስል አለ፣ ቀይ። አየችው። መኪናዋ ውስጥ ፀጥ ያለ ነበር፣ የአጎቷ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማት። ትንሽ ብትቆይ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። እስኪ አሁን ይህ ምን ይባላል? ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አድሮ፣ አባቷ የሚጫንበት ቦታ ላይ ልትተኛ!

"ይበቃዋል" አለች ስትወጣ። "ይቺን እንያዝ።"

ዝምታ ጭንቅላቱን አከከ። ብሎን መፍቻ አንሥቶ ቁጢጥ አለና አቧራው ላይ መሳል ጀመረ፤ አንድ መስመር፣ ከዚያ ድንገት ወደ ኋላ የሚመለስ ሌላ መስመር፣ ከዚያ እንደገና።

"ስሚኝ እህቴ" አለ። "እዚህ ላይ ክርኑ የምንለው ኩርባ አለ። በግራ ቋጥኝ፣ በቀኝ ባዶ። አጭር መኪና አንዴ ቆርጣ ታልፋለች። ረጅም ግን አንዴ አይበቃትም፤ ወደ ኋላ ትላለሽ፣ ትቆርጫለሽ፣ ወደ ኋላ ትላለሽ። ወደ ኋላ ባልሽ ቁጥር የኋላ ጎማሽ አየር ላይ ነው። የዚች እህት የነበረች መኪና ነበረችኝ። አሁንም እዚያው ናት፣ ታች። እኔ በበሩ ዘለልኩ፣ እሷ አልዘለለችም።"

"ማነው ደግሞ እንዲህ ያለ መንገድ የሚሠራ!" ብሎ አጎትየው ጮኸ። "ጭንቅላት የለውም?"

"ኧረ በደንብ አለው! ገና መንገድ አይደለማ። ቀያሹ መጀመሪያ ቀጭን ዱካ ነው የሚያወጣው፣ ትንሽ መኪና ብቻ እንድታልፍበት አድርጎ። ማሽን ኋላ ይገባና ያሰፋዋል። ሁሉም ቀያሽ እንዲህ ነው የሚሠራው። የዚያኛው ቀያሽ ደግሞ..." ዝምታ ቀና ብሎ አያት። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"አባዬ ነው የቀየሰው" አለች ፋርማሲስቷ። ያ መድኃኒት አልቋል ስትል እንደምትናገረው ነው የተናገረችው።

አጎትየው ዞር ብሎ ረጅሟ መኪና ላይ ተደገፈ። ጎማ ክምሩ ላይ የተኛው ውሻ እንኳ ቀና ብሎ አያቸው። የሰው ነገር አይገርምም? ሰውዬው ገብቶ የሠራው ዱካ ለራሱ መውጫ አልሆን አለው።

"ሽማግሌው ናቸው?" አለ ዝምታ ቀስ ብሎ። "ባለ ሰፊ ኮፍያው? አውቃቸዋለሁ እኮ! ሦስት አራቴ አድርሻቸዋለሁ። ክርኑ ጋ ስንደርስ ወርደው ፊት ለፊቴ ይቆማሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አድርገው በኋላቸው ይሄዳሉ። ገባሽ? ወደ ኋላ እየተራመዱ። ገደሉ ከጀርባቸው ነው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከጎማዬ አይነቅሉም። በእጃቸው ና፣ ና፣ ግራ፣ ቁም ይሉኛል።"

"አይፈራም ነበር?" አለች ፋርማሲስቷ።

"ኧረ ይፈራሉ! አንዴ ይበቃል፣ እኔ ራሴ አያለሁ ብላቸው፣ አንተ ዝም ብለህ ንዳ፣ ደግሞ ዝም በል አሉኝ።"

ፋርማሲስቷ ይህን አላወቀችም ነበር። አባቷ ስለ ሥራው ሲጠየቅ "ያው ሥራ ነው" ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ስትሰማው የሆነ ነገር ሊነካት የሚገባ መሰላት፤ ጠበቀችው፣ አልመጣም። "እሺ" አለች። "ሦስተኛዋን እንይ።"

ሦስተኛዋ አጭሯ ናት። ጭቃ መልክ፣ አንድ በሯ ከሌላ መኪና የመጣ፣ የፊት መብራቷ በሽቦ የታሰረ። አጎትየው ሊያያት እንኳ አልፈለገም። የኋላ ወንበሯ ተፈቶ ሲወጣ ፋርማሲስቷ ገባች፤ ቀጥ ብላ ብትሞክር እግሯ ውጭ ቀረ፣ በሰያፍ ብትሞክር ጭንቅላቷ ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው ላይ ወጣ፣ በጎኗ ብትሞክር ጉልበቷ ከአገጯ ጋር ተገናኘ። በሩ ተከፍቶ ይሂድ ብትል፣ ዝምታ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ተንሸራትቶ እንደሚወጣ ነገራት፤ ይህን ሲናገር ዓይኗን አላየም። ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ ማሰርም አይቻልም፣ ከላይ ጭነት ያለባት መኪና ዱካው ወደ ገደሉ ባዘነበለበት ቦታ ትገለበጣለች።

"ደግሞ ጣሪያ!" አለ አጎትየው፣ እንባው እየወረደ። "ወንድሜ ፍራሽ ነው እንዴ?"

"አይሆንም እያልኩ እኮ ነው ጋሼ" አለ ዝምታ።

"ባይሆንስ! ለምን ታስበዋለህ?"

ዝምታ መሬት መሬት እያየ፣ "አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ አምጥቻለሁ" አለ። "በዚችው። ተቀምጦ። ቀበቶ አሥረንለት፣ ኮፍያ አድርገንለት። ቤተሰቦቹ እንዲያ ይሁን ብለው ነው።"

አጎትየው ወደ ግቢው በር ሄደና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ፋርማሲስቷ ግን አሰበችበት። የደረቀ ሰውነት ቆይቶ መልሶ እንደሚለሰልስ ተምራለች። ይታጠፋል። እንዲህ ያለውን ነገር በገዛ አባቷ ላይ እያሰላች ልቧ ዝንፍ አላለም፤ ይልቅ የፈራችው ይህን ነው፣ አለማለቱን።

"ልሞክረው" አለች።

"ምኑን?"

"እኔ ልቀመጥ። እርስዎ ይንዱ።"

ከግቢው ጀርባ ዝምታ ለደንበኛ ማሳያ የከመረው ድንጋይና የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ጋቢና ገባች፣ ቀበቶውን አሠረች። ሞተሩ ሲነሣ ዓይኗን ጨፈነችና ሰውነቷን ለቀቀችው፤ አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ እጇን፣ ሁሉንም። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ጭንቅላቷ መስኮቱን መታው። ሲወርዱ አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ። መኪናዋ በጎን ስትዘም መላ ሰውነቷ ዝምታ ትከሻ ላይ ተደፋ፤ እሱ በክርኑ ገፋ አድርጎ አቀናት። ከዚያ አንድ ትልቅ ንጠት መጣና እጇ ከጭኗ ላይ ተወርውሮ ማርሹ ላይ አረፈ። ዝምታ ሳያስበው፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል፣ እጇን አንሥቶ ጭኗ ላይ መልሶ አስቀመጠው፤ መታ መታም አደረገው። ያን ሌላውን ሰውዬም መንገድ ሙሉ እንዲህ ሲያደርግለት እንደመጣ ገባት።

"ያቁሙ" አለች።

ቆመ። ወርዳ አንድ አምስት እርምጃ ያህል ሄደችና ቆመች። በረዳት፤ በዚያ ፀሐይ ጥርሷ ተፋጨ። አፈረች ማለት ይሻላል። ሰው ሲሳሳት ብድግ ብሎ ይቅርታ የሚል፣ ቤት ውስጥ እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው፣ ቀን ሙሉ እንዲህ እየወደቀ፣ ሰው እጁን እየሰበሰበለት! እናቷ በር ላይ ቆማ ደግሞ ያንን ትቀበል!

"ጋሼ" ብላ ተጣራች። አጎትየው ከበሩ ዞረ። "አባዬ አይመጣም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እዚያው ይቀበር። እኛ እንሄዳለን። አጭሯ ሦስት ሰው ትይዛለች፤ እማዬ፣ እርስዎና እኔ። ወንበሯን ይመልሱልን" አለች ወደ ዝምታ ዞራ። "ነገ ጠዋት እንወጣለን።"

አጎትየው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ አጭሯን አየ፣ ፊቷን አየ፣ አፉን ዘጋ። "እናትሽን አንቺ ትነግሪያታለሽ" አለ። "እኔ ምን ቆርጦኝ።"

የእናቷ ክፍል በሰው ተሞልቷል። ፋርማሲስቷ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ሰው እየሰማ፣ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ረጅሟ እንደምታስተኛው ግን እንደማትደርስ፣ አጭሯ እንደምትደርስ ግን እንደማታስተኛው፣ ተቀምጦ ቢመጣ ምን እንደሚሆን። እናቷ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

"ቃል ገብተሽልኛል" አለች ከዚያ።

"ገብቻለሁ እማዬ።"

"በልተሽዋል በያ! የሞተ አባትሽ ላይ ቃልሽን በላሽ! አንቺ እኮ... አንቺ አንዲት እንባ አልወጣሽም። ሁሉም አይቶሻል። ድንጋይ! ለድንጋይ ነው አደራ የሰጠሁት!" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፋርማሲስቷ ከዚያ አልተነሣችም። ሌላ ምን ትበል፣ ዝምታ የነገራትን የክርኑን ነገር መናገር ጀመረች። ኩርባውን፣ ገደሉን፣ አባቷ መኪናው ፊት ቆሞ ወደ ኋላ እየተራመደ በእጁ ሲመራ።

ከግድግዳው በኩል፣ "ወደ ኋላ?" የሚል ድምፅ መጣ።

"አዎ እማዬ።"

"ገደሉ ከኋላው ሆኖ?"

"አዎ።"

እናቷ ዞረች። ዓይኗ ፈጦ ነበር። "እኔን ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ካርታ ነው የምሥለው ይለኛል! ገደል አለ ወይ ስለው፣ የምን ገደል፣ ሜዳ ነው ይለኛል! አየሽው ይህን ውሸታም? አየሽው? ዕድሜዬን ሙሉ ዋሸኝ እኮ!" ጥርሷን ነክሳ ከተቀመጠችበት ለመነሣት ታገለች፤ ጉልበቷ አይታዘዝላትም፣ ሁለት ሴቶች ደገፏት። "እሄዳለሁ። ያንን ሜዳ ያለኝን በዓይኔ ማየት አለብኝ። እዚያው ድረስ ሄጄ ነው የምነግረው!"

"መንገዱ ያስፈራል እማዬ።"

"ሜዳ ነው ተብያለሁ!" አለች እናት፣ ሻርፕዋን እየፈለገች።

በማግስቱ ጠዋት ዝምታ አጭሯን ደጃቸው ላይ አቆማት። ታጥባለች፤ አልታጠበችም ቢባል ግን የሚያምን አይጠፋም። የኋላ ወንበሯ ተመልሷል። አጎትየው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄደው ብሎ ቀድሞ ኋላ ገብቶ ተቀምጧል፤ ገና ሳይነሡ ጨፍኗል። ፋርማሲስቷ በስልክ ከካምፑ አለቃ ጋር ጨረሰች። ቦታው ከካምፑ በላይ ያለው ደልዳላ ነው፣ ሠራተኞቹ መቆፈር ጀምረዋል።

"ጎኑ የአንድ ሰው ቦታ ይተዉ በያቸው" አለች እናቷ ከደጁ።

ለአለቃው ነገረችው። አለቃው እሺ አለ።

እናቷን ማሳፈር ሥራ ሆነ። የመኪናዋ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፣ የእናቷ ጉልበት ደግሞ የታወቀ ነው። ዝምታ በአንድ በኩል፣ ፋርማሲስቷ በሌላ በኩል ሆነው "በስመአብ" እያስባሉ ጋቢና አወጧት። እናቷ ወንበሩን ነካካች፣ ጣሪያውን አየች፣ ወደ ኋላ ዞራ የቦታውን ጥበት ለካች። ሞተሩ ተነሥቷል።

"ልጄ" አለች።

"አቤት እማዬ።"

"የኔ ተራ ሲደርስ በየትኛው ነው የምትወስጂኝ? በዚችው ነው፣ እንደ ጆንያ ታጥፌ?"

"አይ እማዬ። እስከዚያ መንገዱ ይሰፋል። ማሽን ይገባል፣ ክርኑን ይቆርጡታል። በረጅሟ ነው የምትሄጂው፣ ተኝተሽ።"

"መቼ ነው የሚሰፋው?"

"በሚቀጥለው ዓመት ብሏል አለቃው።"

እናቷ ሻርፕዋን አስተካከለች። "እንግዲያው አይቸኩሉ በያቸው" አለች።

ፋርማሲስቷ ሳቀች። ከየት እንደመጣ ያላወቀችው፣ ሆዷን የያዛት ሳቅ ነው። የመኪናዋን በር ይዛ ጎንበስ አለች፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ፤ "አባዬ" አለች፣ "አባዬ፣ አባዬ"፣ ደጁ ላይ ሰው ሁሉ እያያት፣ እናቷ ከላይ ሆና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛት። ዝምታ ሞተሩን አጠፋና እስክትጨርስ ጠበቃት።